ጂኖቹ የነገሩኝ ሳምንቱን ነበር፦ የሰባት ወር የትምህርት ማስታወሻ

በመስከረም መጨረሻ አንዲት እናት ከደጋ ዳሞት በኩል መጥታ፣ ፍኖተ ሰላም አጠገብ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ወለደች። ልጁ 1,700 ግራም ነበር። የመጨረሻው የወር አበባዋ መቼ እንደነበረ ስጠይቃት «ወይ የአስተርዮ ማርያም ሰሞን ነው፣ ወይ የኪዳነ ምሕረት» አለችኝ። ከጥር 21 ብንቆጥር 36 ሳምንት ይሆናል፤ ከየካቲት 16 ብንቆጥር ገና 32 ሳምንት ከ3 ቀን። ልጁን በደረቷ ላይ አስተኝተን፣ በነጠላዋ አጥብቀን ወደ ሆስፒታል ስንሸኛት እጄን ይዛ «ሲስተር፣ ምን አጥፍቼ ነው ቀኑ ሳይደርስ የመጣው?» አለች። ምንም አላጠፋሽም አልኳት። ምክንያቱን ግን ልነግራት አልቻልኩም። ልጁ ድኗል፤ ለክትባት ሲመጣ አቅፌዋለሁ። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ቀረ፤ የጂን እንቅስቃሴ መረጃ መተንተን መማር የጀመርኩትም ያን ሰሞን ነው።

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 13.4 ሚሊዮን ሕፃናት 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ተወልደዋል። ከእነዚህም የብዙዎቹ ምጥ ለምን አስቀድሞ እንደመጣ አይታወቅም።

ወደዚህ ትምህርት አዲስ ለገባችሁ፣ ነገሩን ለራሴ ያስረዳሁበትን ምሳሌ ላካፍላችሁ። ስንክሳር በየደብሩ አንድ ዓይነት ነው፤ በአንድ ቀን የሚነበበው ግን የዕለቱ ብቻ ነው። በሰውነታችን ሴሎች ውስጥም ፕሮቲን የሚሠሩ 20,000 ያህል ጂኖች አሉ፤ ሴሉ በዚያች ሰዓት የሚያነበው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። የተነበበው ቅጂ አር ኤን ኤ ይባላል። እኛ የምንቆጥረው ይህን ቅጂ ነው። ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፤ በኋላ ራሴኑ አስተምሮኛል።

መሣሪያዬ 8 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው ላፕቶፕ ነው። ጥሬው የንባብ ፋይል ስለማይሆንልኝ፣ ጂኦ ከተባለው ክፍት የመረጃ ቋት ተቆጥሮ ያለቀውን ሠንጠረዥ ብቻ አወርዳለሁ፤ ለብዙ ትምህርት ይበቃል። አር የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከሀሁ ጀምሬ ለመልመድ እስከ ኅዳር ፈጀብኝ። ስለ ቋንቋው ብዙ የምለው የለኝም፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት መቀመጥ ነው።

በታኅሣሥ የመጀመሪያ ትንተናዬን ሠራሁ። ያለጊዜያቸው ከተወለዱና ቀናቸውን ጨርሰው ከተወለዱ ልጆች የተወሰደ የእንግዴ ልጅ ናሙና ነበር። ብዙ ሺህ ጂኖች ልዩነት አሳዩ። የስታቲስቲክሱን እርማትም አልዘለልኩም፤ 20,000 ጂን በአንድ ጊዜ ሲፈተን በ5 ከመቶ መስፈርት ብቻ 1,000 ያህሉ በአጋጣሚ ልዩ መስለው ሊወጡ እንደሚችሉ አውቅ ነበር። እርማቱም አልቀነሳቸውም። ያን ሌሊት ከደስታ የተነሣ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስህተቱ የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማኅሌት ቆሜ ሳለሁ ነው። የጥርን ንባብ ከሰኔ ንባብ ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነት ማግኘቱ ምን ይገርማል? የ30 ሳምንት እንግዴ ልጅ ከ39 ሳምንቱ የሚለየው ስለታመመ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ በየሳምንቱ ይለወጣል። ያገኘሁት በአብዛኛው የዕድሜን ልዩነት ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ በ30 ሳምንት የተወለደ ጤነኛ ማነጻጸሪያ ከየት ይመጣል? ጤነኛው እኮ ገና አልተወለደም።

በተመሳሳይ ሳምንት፣ ነገር ግን ለእናትየው ጤና ሲባል በሐኪም ውሳኔ የተወለዱትን ለማነጻጸሪያ ወሰድኩ። በዝርዝሩ አናት ላይ ሌፕቲንና ኤፍ ኤል ቲ 1 የተባሉት ጂኖች ብቅ አሉ። ሁለቱም በፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና ደም ግፊት በተጎዳ እንግዴ ልጅ ላይ ከፍ እንደሚሉ የታወቁ ናቸው። ለካ ማነጻጸሪያዎቼም የራሳቸው በሽታ ነበራቸው።

ሌላ የተማርኩት የናሙና ማጣሪያ አለ፤ ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። ኤክስ አይ ኤስ ቲ የተባለው ጂን በዋናነት የሚነበበው በሴቶች ሴል ነው። «ወንድ» ተብሎ በተመዘገበ እንግዴ ልጅ ውስጥ በብዛት ካገኛችሁት፣ ወይ ናሙናው ተለዋውጧል፣ ወይም የእናትየው የማሕፀን ሕብረ ሕዋስ ተቀላቅሎበታል። እኔ አንድ እንዲህ ያለ ናሙና አግኝቼ አውጥቼዋለሁ።

የተሻለው መንገድ የእናቶች ደም ይመስለኛል። ሁሉም ገና እርጉዝ ሳሉ፣ በተመሳሳይ ሳምንት ደም ይወሰዳል፤ ከዚያ ማን ቀድማ እንደወለደች ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን አር ኤን ኤ ተጠቅሞ፣ ሰባት ጂኖች ያለጊዜው መውለድን እስከ ሁለት ወር አስቀድመው ሊጠቁሙ እንደሚችሉ አሳይቷል። የተጠኑት ሴቶች ጥቂት ነበሩ፤ ገና ለእናቶች የሚነገር ምርመራ አይደለም።

በጎን ያነበብኩትን አንድ ነገር ግን ከልቤ ማውጣት አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ43,000 በላይ ሴቶችን ያካተተ የዘረመል ጥናት ከእርግዝና ርዝመት ጋር ካያያዛቸው ጂኖች አንዱ፣ ሰውነት ሴሊኒየም የተባለውን ማዕድን ፕሮቲን ውስጥ ለማስገባት የሚጠቀምበት ነው። በአገራችን ደግሞ የሴሊኒየም እጥረት በስፋት እንዳለና ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ሁለቱን አገናኝቶ መደምደም አይቻልም፤ ሴቶቹም የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። የጎጃም እናቶች ግን በእንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ ሊኖሩ ይገባል።

ለዚያ ደግሞ ሳምንቱ መታወቅ አለበት። አሁን በክትትል ክፍል የቀን መቁጠሪያ ዘርግቼ ከእናቶች ጋር በዓላቱን አንድ በአንድ እናነሣለን፤ 24 ሳምንት ሳይሞላቸውም ለአልትራሳውንድ እልካለሁ።

በሚያዝያ የደም መረጃ ጀምሬያለሁና እርዳታችሁን እፈልጋለሁ። ያለጊዜው ምጥ ላሰጋት እናት ለልጁ ሳንባ ዴክሳሜታዞን እንወጋለን፤ መድኃኒቱ ብቻውን ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ያበዛል፣ ብዙ ጂኖችንም ይቀይራል። በያዝኩት መረጃ ደሙ የተወሰደው ከመርፌው በፊት ይሁን በኋላ አልተጻፈም። ለጊዜው ለዚህ ዓይነት መድኃኒት ፈጥኖ የሚነሣውን ኤፍ ኬ ቢ ፒ 5 የተባለ ጂን እያየሁ፣ ከፍ ካለ ደሙ ከመርፌው በኋላ የተወሰደ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ከእናንተ ይህን በተሻለ ዘዴ የለየ ካለ፣ እንዴት እንደሠራው ይጻፍልኝ።