ለመኪናችን የሚሆን ካራቫን፦ ከሊድስ እስከ ዊትቢ

በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን እንግሊዝ ውስጥ ባሕር ዳር ሆቴል መያዝ ኪስ ያራቁታል። እኛ አራት ስለሆንን ሁለት ክፍል ካልያዛችሁ ይሉናል። ባለቤቴ "ያገለገለ ካራቫን ብንገዛስ?" ስትል ልጆቹ በአንድ አፍ ደገፏት። በመኪና የሚጎተት፣ አልጋ ያለው ተንቀሳቃሽ ቤት ማለቷ ነው። እኔም ሐሳቡን ወደድኩት። ማስታወቂያ ከማገላበጤ በፊት ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ደጅ ወደቆመችው መኪናችን፣ ወደ ፓሳታችን ወጣሁ።

የመኪናው በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ክብደቶች የተጻፉበት ትንሽ ሰሌዳ አለ። የመጀመሪያው ቁጥር መኪናዋ ከነጭነቷ የሚፈቀድላት ክብደት ነው። ሁለተኛው መኪናና ተሳቢ ተደምረው የሚፈቀድላቸው። አንዱን ከሌላው ስትቀንሱ መጎተት የምትችለው ይወጣል። የእኛዋ 1,600 ኪሎ ወጣላት። ይህ ጣሪያው ነው። የአገሩ የካራቫን ክለቦች ለጀማሪ የሚመክሩት ከዚያ ያነሰ ነው፤ ካራቫኑ ከነሙሉ ጭነቱ ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 በመቶ አይለፍ ይላሉ። ፓሳታችን ባዶዋን 1,500 ኪሎ ግድም ናት። ስለዚህ የእኛ ቁጥር 1,275 ሆነ። ጽፌ ኪሴ ከተትኩት።

ጥብቅ የሆንኩት በምክንያት ነው። አጎቴ በአሰብ መስመር የተሳቢ ሾፌር ነበር። ጣርማበርን ሲወርድ ያየውን ሲያወራ ትንፋሼን ይዤ ነበር የማዳምጠው። "ዳገት ላይ ሞተር ቢደክምህ ትቆማለህ፤ ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ከከበደህ ግን እሱ ነው የሚነዳህ" ይል ነበር። ሞተሩ መጎተቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መኪናው ሲቆም፣ ሲታጠፍና ነፋስ ሲመታው የኋላውን መያዝ መቻል አለበት።

መንጃ ፈቃድ አላስጨነቀኝም። ከ1997 ወዲህ ፈተና ያለፍን ሰዎች ከበድ ላለ ተሳቢ ሌላ ፈተና ያስፈልገን ነበር። ከዲሴምበር 16 ቀን 2021 ጀምሮ ግን ተራው የመኪና መንጃ ፈቃድ እስከ 3,500 ኪሎ ለሚደርስ ተሳቢ ይበቃል።

ካራቫኑ ከመኪናዋ ኋላ የሚያያዝበትን ጋንቾ ማስገጠሙ ነው ያናደደኝ። በስልክ 450 ፓውንድ ተባልኩ። መኪናዋን ልወስድ ስሄድ ሰውየው 120 ፓውንድ ጨመረበት። መኪናዋ ተሳቢ መያዟን እንድታውቅ ኮምፒውተሯ መስተካከል አለበት አለኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ ካራቫን መወዛወዝ ሲጀምር መኪናዋ ራሷ እንድታረጋጋው ያ ሥራ ያስፈልጋል። ታዲያ መጀመሪያ አይነገርም? ሁለት ጊዜ ደጋግሜ "ሁሉም ተካቷል ወይ?" ብዬ ጠይቄው ነበር። ከፈልኩ፤ እስካሁን ግን ይቆጨኛል።

የመጀመሪያውን ካራቫን ያየነው ዌክፊልድ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ባለ ሁለት አክስል (በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ያለው)፣ ሰፊ፣ ከኋላው የተንጣለለ ሶፋ ያለው። ልጆቹ ገብተው አንወጣም አሉ። በሩ አጠገብ ያለው ሰሌዳ ከነጭነቱ 1,590 ኪሎ ይላል። ለሻጩ የእኛን ቁጥር ነገርኩት። "አትጨነቅ፣ ጓደኛዬ ከዚህ ባነሰ መኪና ስኮትላንድ ድረስ ወስዶታል" አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ትንሿ ልጄ እስከ ቤት አኮረፈችኝ።

ሁለተኛው ጉል ከተማ አካባቢ ነበር። ቀላልና ርካሽ፣ በክብደቱም ፓሳትን የሚመጥን። ገና በሩ ሲከፈት ግን እርጥብ ጆንያ ሸተተኝ። ከፊት መስኮቱ በታች ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣቴ ስጫነው ወደ ውስጥ ገባልኝ። ባለቤቴ አልጋውን አንስታ ጥግ ላይ ያለውን ጥቁር ሻጋታ አሳየችኝ። ውኃ የገባበት ካራቫን እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ጥገናው ከግዢው ሊበልጥ ይችላል። አሥር ደቂቃም አልቆየንም።

ሦስተኛውን ቤቨርሊ አጠገብ አገኘነው። ቤቨርሊ ለሃል ቅርብ ነው፣ ያ አካባቢ ደግሞ ካራቫን የሚሠራበት አገር ነው። የ2012 ሥሪት፣ አራት ሰው የሚያስተኛ፣ ከነሙሉ ጭነቱ 1,275 ኪሎ። ኪሴ ያለው ቁጥር ራሱ! ሻጩ የእርጥበት መለኪያውን አውጥቶ ጥግ ጥጉን አብረን ለካን፤ ከ15 በመቶ ያለፈ ቦታ አላገኘንም። መስኮቶቹ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ ነው። ጎማው ብቻ አላማረኝም። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፤ ጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች ግን የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ካራቫን ብዙ ስለሚቆም ጎማው ሳያልቅ ያረጃል፣ በአምስት ዓመቱ መቀየር አለበት ይባላል። ሻጩ ሁለቱንም በአዲስ ቀየረልኝ። በ8,200 ፓውንድ ተስማማን።

ከመፈረሜ በፊት አንድ ስሌት ቀረኝ። ባዶ ክብደቱ 1,130 ስለሆነ ለእኛ ዕቃ የሚተርፈው 145 ኪሎ ነው። ብዙ ይመስላል። ባትሪው ወደ 20 ኪሎ ይወስዳል፣ ከካራቫኑ ጎን የሚዘረጋው ድንኳንም እንዲሁ። ካራቫኑን ያለ መኪና የምታንቀሳቅሰዋ ሞተር 30 ገደማ ናት፤ እሷን ተውናት። በሁለት ሰው ጉልበት ይገፋል።

ሚያዝያ ላይ ከሊድስ ወደ ባሕር ዳሯ ከተማ ወደ ዊትቢ ተነሳን። ታርጋችንን ኋላው ላይ ለጠፍን፣ ሰፊውን ስፖኪዮ በሁለቱም በኩል አሰርን። ጋንቾው ላይ ያለውን ቀለም በአሸዋ ወረቀት ፍቄ አንስቼዋለሁ። መወዛወዝ የሚከላከለው የካራቫኑ መያዣ የጋንቾውን ኳስ ጨምድዶ የሚይዘው በደረቁ ነው፤ ቀለምም ግሪስም አይወድም።

ኤ64 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ ከዮርክ በፊት አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አለፈን። ሲደርስብን ካራቫኑን ገፋ፣ ሲያልፍ ደግሞ ሳበው። መሪው ላይ ተሰማኝ። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ፍሬን አልነካሁም። ተረጋጋ። ፓሳት ይዛዋለች! ከዚያ በኋላ ትከሻዬ ለቀቀልኝ። እንዲህ መሐሉ በተከፈለ ሰፊ መንገድ ላይ ለተሳቢ የተፈቀደው ጣሪያ በሰዓት 60 ማይል ነው፤ እኔ 55 ላይ ረግቼ ነዳሁ።

ፒከሪንግ አጠገብ ከነመብራቱ በ28 ፓውንድ አደርን። ክፉ ሌሊት ነበር። አመዳይ ወረደና እኩለ ሌሊት ላይ ማሞቂያው ጠፋ። ከካራቫኑ ጋር የመጣችው የጋዝ ሲሊንደር ሰማያዊዋ፣ ቡቴን የተሞላችው ናት። ቡቴን ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል። ቀዩ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል። ልጆቹን በጋቢ ጠቅልለን መሐል አስተኛናቸው።

በር የተንኳኳው እኛ መብራት አብርተን ስንተራመስ ነው። ከሰንደርላንድ የመጡ ጎረቤታችን፣ ሰባዎቹን ያለፉ ሰው፣ በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ቆመዋል። በእጃቸው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይዘዋል። "ልጆች አይቼ ነበር ማታ። ጠዋት ትመልሱልኛላችሁ" ብለው ሰጥተውን ሄዱ። እዚህ አገር ጎረቤት ሳይጠራ አይመጣም እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬአለሁ። እኚህ ሰው ሳይጠሩ መጡ።

ጠዋት ቡና አፍልተን ጠራናቸው። ስኒያቸውን እንደያዙ ካራቫኑን ዞረው አዩና "ጋንቾው ላይ የሚያርፈውን ክብደት በምንድን ነው የለካችሁት?" አሉኝ። የገዛኋትን ስፕሪንግ ያላት መለኪያ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን አመጡ፣ ላዩ ላይ አጭር እንጨት አቆሙ፣ የካራቫኑን አንገት በእንጨቱ ላይ ቀስ አድርገን አሳረፍነው። 58 ኪሎ አነበብን። መለኪያዬ 70 ብሎኝ ነበር። ከካራቫኑ ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶው ፊት ላይ ማረፍ አለበት፤ ለእኛ ከ64 እስከ 89 ኪሎ ማለት ነው። ፓሳት ጋንቾዋ ላይ የሚፈቀድላት ደግሞ እስከ 90 ነው። እንደ በቅሎ ጭነት ነው፤ ወደ ኋላ ካጋደለ መንገዱን ሙሉ ያስቸግራል። ድንኳኑን ከኋላ አውጥተን ከአክስሉ ፊት፣ ወለሉ ላይ አደረግነው። 76 ሆነ። እሳቸው እንጀራ በድርቆሽ ፍርፍር ቀመሱ፣ ለሚስታቸውም ቋጠርንላቸው።

ወደ ዊትቢ አጭሩ መንገድ በኤ169 ነው። ስሌይትስ መንደር ላይ ግን ብሉ ባንክ የሚባል 20 በመቶ ቁልቁለት አለው፤ ፍሬን ለከዳው መውጫ መንገድ ሳይቀር ተሠርቶለታል። በስካርብራ ዞረን በኤ171 ሄድን። ረዘመ፣ ይርዘም። ስንመለስ በቴርስክ በኩል ለማለፍ አስበን ነበር፤ እዚያ ያለው ሰተን ባንክ የሚባል ዳገት ለካራቫን ክልክል ስለሆነ ያንንም ተውነው። ስለ ዊትቢ የማወራው ብዙ የለኝም፤ ዘነበ፣ ዓሣና ድንች በላን፣ ልጆቹ ከባሕሩ አልወጣ አሉ።

በመመለሻችን አንድ የሕዝብ ሚዛን ላይ ካራቫኑን አስመዘንን። 1,243 ኪሎ። 32 ኪሎ ይቀረናል ማለት ነው። ባለቤቴ ሰምታ ዝም አላለችም፤ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ይዘን እንሂድ ትላለች። ክብደቱ ይበቃል። የፒከሪንጉ ቦታ 10 አምፔር ብቻ ነበር የሚሰጠው፣ 2,300 ዋት ገደማ ነው፤ ምጣዱና ማሞቂያው አብረው ከተሰኩ መብራቱን ይጥላሉ። ለነሐሴ ዌልስ ውስጥ ያገኘነው ባለ 16 አምፔር ነው። ሊጡን ግን ቤት አቡክታ በባልዲ እንይዛለን ብላለች፤ ባልዲውን የት እንደማስቀምጠው እያሰብኩ ነው፣ ከአክስሉ ፊት ይሻላል።