ከአቤላርድ ጋር የዋልሁበት ቀን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የፈረንሳዊውን ፈላስፋ የፒየር አቤላርድን (እ.ኤ.አ. 1079–1142) ሕይወት ሳነብ ዋልሁ። ስለ እርሱና ተማሪው ስለነበረችው ስለ ኤሎይዝ ፍቅር ብዙ ተነግሯል፤ እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን «አዎን እና አይደለም» የተሰኘው ሥራው ነው። በ158 ጥያቄዎች ሥር፣ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉትን የቤተ ክርስቲያን አባቶች ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ፍርዱን ሳይሰጥ፣ ተማሪው ራሱ እንዲመረምር ይተወዋል። በመግቢያውም መጠራጠር ወደ ምርመራ፣ ምርመራም ወደ እውነት እንደሚያደርስ ጽፏል፤ እንዲህ ያለው አካሄድ በኋላ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ለሰፈነው የክርክር ትምህርት መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1121 በፈረንሳይዋ ሷሶን ከተማ በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ስለ ሥላሴ የጻፈውን ድርሰት በገዛ እጁ እሳት ውስጥ እንዲጥል መገደዱን ሳነብ ግን ልቤ ተሰበረ፤ ለረጅም ጊዜ ገጹን መግለጥ አልቻልሁም። በስተርጅና ዳግመኛ ሲወገዝ የክሉኒ ገዳም አበምኔት ጴጥሮስ በክብር ተቀብሎ አስጠልሎታል፤ ይህን ሳገኝ መሽቶ ነበር።