ከድስቱ እስከ ድንኳኑ፦ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት አብረው ለሚኖሩበት ቤት

ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት በተቀላቀሉበት ቤተሰብ ውስጥ ሰው የሚቀያየመው ክርስቶስ ይማልዳል ወይስ አይማልድም በሚያከራክረው ጥቅስ፣ በሮሜ 8፥34 ይመስለናል። ስለ ምልጃ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረው ጠዋት አብረው ቡና የሚጠጡ እህትማማቾች ግን ሞልተዋል። ቅያሜው የሚከርመው በድስት፣ በቃልና በለቅሶ ድንኳን ነው። ሦስቱም ቀድመው ከተነጋገሩባቸው ይቀላሉ።

ከድስቱ እንጀምር። ፕሮቴስታንቱ ጋባዥ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይደል የምትጾሚው?» ብሎ ዓርብ ማታ ዶሮ ያቀርባል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሚያበቃው ከእህልና ከውኃ መከልከሉ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ግን አይፈቱም፤ የዓርብ እራትም የጾም ነው። ረቡዕም እንደዚያው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በፍልሰታም ሕጉ ያው ነው። ምሳ ስድስት ሰዓት ላይ ከመጥራት አሥር ሰዓት ላይ መጥራት ይሻላል፤ ያስቀደሰ ሰውም ይደርሳል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ይበላል፤ ያኔ «ጾም ነው» ብሎ ሥጋውን መደበቅ አያስፈልግም።

ሁለት ዓይነት ወጥ የሚሠራ ከሆነ የጾሙ ይቅደም። ቅቤ የነካ ጭልፋ ሽሮው ውስጥ ከገባ ጾመኛዋ አትበላውም፤ «ትንሽ እኮ ነው» ማለት ደግሞ ያስከፋታል። ለጾም አንድ ድስት፣ አንድ ጭልፋ፣ ቢላና መክተፊያ መለየት ይበቃል። የገበያ ዳቦና ብስኩት ወተት ወይም እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ሻጩን ጠይቁ። ዓሣ ላይ ከጾመኛ ጾመኛ ይለያያልና እንግዳዋን ራሷን ጠይቁ።

በተራው ኦርቶዶክሱም የሚያስብበት አለ። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ዝክር ሲኖር ፕሮቴስታንት ዘመዱን ከጠራ ቀኑን ቀድሞ ይንገረው። በቅዱሳን ስም የተዘከረውን የማይበሉ አሉና ቡናና ያልተዘከረ እንጀራ ለብቻ ይቅረብ። ጠላና ጠጅ ለማይጠጣ ብርዝ አለ። እንግዳውም «ሆዴን አሞኛል» ብሎ አይዋሽ፤ «እምነቴ አይፈቅድልኝም፣ ቡናውን ግን እጠጣለሁ» ይበል። «ጣዖት» የምትለው ቃል ከአፉ ከወጣች ግን ቤቱ ለዓመታት ይዘጋበታል።

ቃል ካነሳን፣ «መናፍቅ» የሚለው ስድብ መሆኑን ማንም ያውቃል። ያልተስተዋለው የሌላው ወገን ቃል ነው። ከኦርቶዶክስ ወጥቶ ፕሮቴስታንት የሆነን ሰው «ክርስቲያን ሆነ» ስትሉ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠችው እናት በ80 ቀኗ መጠመቋን፣ ዕድሜዋን ሙሉ መጾሟንና መስገዷን ሁሉ ሰረዛችሁባት ማለት ነው። «ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን መጣ» በሉ። ድንግል ማርያምንም በደረቁ «ማርያም» ብሎ መጥራት ኦርቶዶክሱ ጆሮ ላይ እንደ ንቀት ይሰማል፤ «ድንግል ማርያም» ማለት ከማንም እምነት አይጋጭም።

ማዕድ ላይ የሚያስማማው ጸሎት አባታችን ሆይ ነው። ኦርቶዶክሱ ከዚያ አያይዞ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል»ን ይደግማል፤ ፕሮቴስታንቱ እዚያ ላይ ዝም ብሎ ይቁም፣ እንጀራውን ቀድሞ አይቁረስ። ቁርባንን በሚመለከት ግን አንዳችሁ ሌላውን አትጋብዙ፣ ባለመጋበዛችሁም አትቀየሙ።

ከሁሉ የሚከብደው ለቅሶ ነው። እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን ያመጣል፤ ማን ይጸልይ የሚለውን ግን አይወስንም። ሐዘን በገባበት ቀን እሱን ለመወሰን መቀመጥ ወንድማማቾችን ያጣላል። እኔ የማምንበት ደንብ አንድ ነው፤ ሥርዓቱ የሟች ነው፣ የልጆች አይደለም። እናት ኦርቶዶክስ ከሆኑ ፍትሐቱ ይደረጋል፤ ፕሮቴስታንት ልጆች ካልፈለጉ ባይጸልዩም ይቆማሉ፣ ይሸኛሉ። አባት ፕሮቴስታንት ከሆኑ ዝማሬው ይዘመራል፤ ማንም ተደብቆ ቄስ አይጥራ። ሰባኪውንም ቀድማችሁ ለምኑት፦ ያጽናና እንጂ ድንኳን ውስጥ ላለ ለቀስተኛ «ጌታን ያልተቀበላችሁ እጃችሁን አንሡ» አይበል። ያዘነ ሰው ተነሥቶ መሄድ አይችልምና ይህ ማስገደድ ነው።

አርባው ሲደርስ ለተዝካር መዋጮ ይመጣል። ስለ ሞተ ሰው መጸለይን የማያምን ልጅ ገንዘቡን ለነዳያን ምሳ ብቻ ሊያወጣ ይችላል፤ የቅዳሴውንና የፍትሐቱን ሌሎቹ ይቻሉት። ይህን በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ሳይሆን ከሰልስቱ በኋላ ወዲያው ተናገሩ፤ ዘግይቶ ሲነገር ገንዘብ መሰሰት ይመስላል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ወላጆች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ። ሟርት አይደለም፤ አንድ ወረቀት ላይ የት እንደሚቀበሩ፣ ማን እንደሚሸኛቸው፣ ፍትሐትና ተዝካር ይፈልጉ እንደሆነ ራሳቸው ያጽፉ፣ ይፈርሙበት፣ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ልጅ ቅጂውን ይያዝ። ዋናው ከእድር ደብተሩ ጋር ይቀመጥ፤ በዚያች ቀን መጀመሪያ የሚፈለገው ደብተሩ ነውና።