ሦስት ማታ ጅራታሟን ስንከተል

ከከተማ የወጣነው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2024 ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ፣ ጓደኛዬ፣ አንድ ካሜራ ከነትራይፖዱ፣ አንድ ላፕቶፕ። ምዕራቡ ያልተከለለ ኮረብታ ፍለጋ ነው የምንነዳው። ሱቺንሻን-አትላስ የተባለችው ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ፀሐይዋን ተከትላ ቶሎ ትጠልቃለች።

ያን ሰሞን ሁሉም ፎቶ ሊያነሳት ይወጣ ነበር። እኔን የያዘኝ አባዜ ሌላ ነው፤ ምህዋሯን፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበትን መንገድ፣ ከራሳችን ፎቶ ማስላት። ጓደኛዬ መንገዱን ሙሉ ሲነዘንዘኝ ነበር። "ተሰልቶ ያለቀ ነገር አይደል እንዴ?" ነው፤ ታዲያ ምን ይሁን?

ሲመሽ በቬነስና አርክቱሩስ በተባለው ደማቅ ኮከብ መሃል ታየች። ጅራቷ ወደ ላይ ቀጥ ብሏል። ለአፍታ ሒሳቡን ረሳሁት።

አንድ ፎቶ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ ኮሜቷ ከኮከቦቹ አንፃር በየት በኩል እንዳለች። ምን ያህል እንደምትርቅ ግን አይናገርም። ምህዋርን ለመግለጽ ስድስት ቁጥር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሦስት ማታ ቢያንስ በወረቀት ላይ ይበቃል። የብሬመኑ ሐኪም ኦልበርስ በ1797 ባሳተመው ዘዴ ደግሞ ነገሩ ይቀላል፤ መንገዷ ፓራቦላ፣ ማለትም ተመልሶ የማይገጥም ክፍት ኩርባ፣ ነው ብለህ ትነሳለህ፣ አንድ ያልታወቀ ቁጥር ይቀነስልሃል።

በማግስቱ ደመና። በ16 ተመልሰን ወጣን፤ ጉዱ የታየውም ያኔ ነው። የካሜራዬ ሰዓት ከስልኬ 40 ሰከንድ ወደኋላ ቀርቷል! ቀላል ይመስላል። ኮሜቷ በቀን 4 ዲግሪ ብትጓዝ እንኳ በደቂቃ 10 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ትሄዳለች፤ 40 ሰከንድ ማለት ወደ 7 የቅስት ሰከንድ የሚጠጋ ስህተት ነው። የመጀመሪያውን ማታ ሰዓት አርሜ አስገባሁ።

በ18 ጨረቃዋ ደምቃ ሰማዩን አነጣችው፤ ቢሆንም ሦስተኛውን ፎቶ አገኘን። እዚያው መኪና ውስጥ፣ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ መለካት ጀመርኩ። አስቸጋሪው ነጥቡን ማስቀመጥ ነው። ድንጋይና በረዶ የሆነው እምብርቷ ብናኝ ውስጥ ተደብቋል፤ የሚታየው ብርሃን ወደ ጅራቱ ይጎትትሃል።

በፓራቦላ ሳሰላው ለፀሐይ በጣም የቀረበችበት ቀን ከትክክለኛው፣ ከሴፕቴምበር 27፣ በአንድ ቀን ብቻ ሳተ። ጮህኩ። ከዚያ ስግብግብ ሆንኩ፤ የምህዋሩን መለጠጥ የሚለካውን ኤክሰንትሪሲቲንም ፕሮግራሙ ራሱ ያውጣው ብዬ ለቀቅኩት። 0.97 አለኝ። ይህ በ47 ዓመት ትመለሳለች ማለት ነው።

"ልጆቼ ያዩዋታል!" አለ ጓደኛዬ።

ነጥቡን አንድ ፒክሰል ብቻ ፈቀቅ አደረግኩት። 1.02። ከ1 በላይ ከሆነ ደግሞ በጭራሽ አትመለስም።

ከሩቅ የሚመጡ ኮሜቶች ጣጣቸው ይሄ ነው። ለፀሐይ በጣም ስትቀርብ ከፀሐይ የነበራት ርቀት፣ ምድር ከፀሐይ ያላት ርቀት 0.39 እጅ ነበር። በዚህ ርቀት ኤክሰንትሪሲቲው 0.999 ቢሆን ዙሩ 7,700 ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ 0.9999 ቢሆን 240,000 ዓመት አካባቢ። ፀሐይ አጠገብ ያለው የመንገዷ ቁራጭ በሁሉም አንድ ይመስላል፤ ልዩነቱ የሚወጣው ለወራት ስትከተላት ነው። የጁፒተር ጉተታ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ስለዚህ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ጨረቃዋ ከማታው ሰማይ ስትጠፋ፣ እንደገና ልንወጣ ተስማማን። ጓደኛዬ ግን ነዳጁ በኔ እንደሆነ ከወዲሁ አስታወቀ።