ልባቸው ለምን አልፈጠነም?

እማማን ከአልጋ ቀና ስናደርጋቸው፣ ገና እግራቸው ወለል ሳይነካ «ልጄ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ» አሉኝ። እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል። ተኝተው 118/70 የነበረው የደም ግፊት 78/45 ገብቷል።

የአንስቴዢያ ባለሙያ ነኝ። ከአንድ ቀን በፊት ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርገው፣ ለሕመሙ ኤፒዱራል፣ ማለትም በጀርባ በኩል ወደ አከርካሪ ነርቮች አካባቢ መድኃኒት የምታደርስ ቀጭን ቱቦ፣ ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ። በቱቦዋ 0.1 በመቶ ቡፒቫኬይን የሚባል ማደንዘዣ፣ በሚሊ ሊትር 2 ማይክሮ ግራም ፌንታኒል የሚባል ጠንካራ ሕመም ማስታገሻ ተጨምሮበት፣ በፓምፕ ሲፈስላቸው አድሯል። ጠዋት ስገባ «ምንም አላመመኝም፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። ደስታው አዘናጋኝ። ድንዛዜው የት እንደደረሰ ሳልፈትሽ አስነሳኋቸው።

ቶሎ አስተኛናቸው። እግራቸውን ከፍ አደረግን፣ ኦክስጅን ሰጠን፣ ፓምፑን አቆምኩ። ሳላይን (የጨው ውሃ) በደም ሥር ከፍተን፣ ግፊት የሚያነሳውን ኤፌድሪን 6 ሚሊ ግራም በደም ሥር ሰጠሁ። ግፊቱ ቀስ እያለ ተመለሰ።

«ፌንታኒሉ ነው» ብዬ ለነርሷ ነግሬያት ነበር። ተሳስቻለሁ። በዚህ መጠን ፌንታኒል ብቻውን ግፊትን ያን ያህል አይጥልም። እንዲያውም ቡፒቫኬይኑን እንድንቀንስ ያግዘናል። የደም ሥሮችን የሚያጠብቁትን ነርቮች የሚያደነዝዘው ቡፒቫኬይኑ ነው። ሥሮቹ ሲላሉ ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ሰው ቀና ሲል ደግሞ ይብሳል።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን የልብ ምታቸው ነው። ግፊት ሲወርድ ልብ መፍጠን አለበት። የእሳቸው 54 ላይ ቁጭ ብሏል። ድንዛዜው የት እንደደረሰ ለማወቅ በአልኮል የራሰ ጥጥ ከሆዳቸው ወደ ላይ እያስነካሁ ሄድኩ። ከጡታቸው በላይ እስክደርስ ቅዝቃዜው አልተሰማቸውም። ልብን የሚያፋጥኑት ነርቮች የሚነሱት ደግሞ ከዚያው ከላይኛው ደረት ነው። እነሱም ደንዝዘዋል።

ይሄ ማለት፣ እማማ ውስጥ ውስጡን እየደሙ ቢሆን እንኳ ልባቸው ላይነግረኝ ይችል ነበር። «ምቱ ደህና ነው፣ ደም አልፈሰሰም» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ፋሻውን ገለጥን፣ ከሆዳቸው ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦ (ድሬኑን) አየን፣ ሆዳቸውን ዳሰስን፣ ደማቸው ቀንሶ እንደሆነ ለማየት ሄሞግሎቢን አስለካን። ደግነቱ ደም አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግፊት ሲወርድ መጀመሪያ የሚደማ ቦታ እንዳለ እፈትሻለሁ፣ ኤፒዱራሉን የምጠረጥረው ከዚያ በኋላ ነው። ሞርፊን በኤፒዱራል ከሰጠሁ ደግሞ ግፊት ብቻ አላይም። ትንፋሽ ዘግይቶ ሊደክም ስለሚችል 24 ሰዓት ሙሉ ትንፋሽ እናስቆጥራለን።

ለእማማ ሕመም ማስታገሻውን ጨርሼ አልነቀልኩም። ሕመሙም ራሱ ልብን ያስጨንቃል። ድንዛዜው ሲወርድ ፍጥነቱን ቀንሼ ቀጠልኩ። ማታ መጀመሪያ ትራሳቸውን ከፍ አደረግን፣ ቀጥሎ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥናቸው፣ ግፊታቸውን ለካን። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን ጠየቁኝ።