ወደ ላይ ጠጋ ይበሉ

ባለፈው እሑድ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ፣ በአከራዬ ልጅ ሰርግ ላይ ዋልሁ። አከራዬ ገበሬ ነው፤ እኔ መምህር ነኝ። ዳሱ ውስጥ ስገባ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «መምህር፣ ወደ ላይ ጠጋ ይበሉ» አለና ከካህናቱ ቀጥሎ አስቀመጠኝ። አክስቴን ግን ከመግቢያው አጠገብ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ አየኋት። የሰው የኑሮ ደረጃ በምን እንደሚለካ ሳሰላስል የሰነበትሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

በወረቀት ከሆነ አክስቴና አከራዬ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም የመሬት ደብተር አላቸው፣ ሁለቱም መሬታቸውን መሸጥ አይችሉም። የ1967ቱ አዋጅ ርስትና ጉልትን አስቀርቷል። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት እንደገና ሲደለደል ደግሞ፣ ባሏ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ስለነበረ «ቢሮክራት» ተብሎ አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ያህል ብቻ ተተወለት። (ቢሮ የሚባል ነገር ገብቶ የማያውቅ ቢሮክራት!)

አሁን ግን ደረጃ የሚለየው በሬ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚጠመድ ስለሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታለች፤ አራሹም ይኸው አከራዬ ነው። እህሉን እኩል ይካፈላሉ፣ ገለባው ግን ለእሱ ከብቶች ይቀራል፤ ከብቶቹ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሌላ ባልቴት ማሳ ያርሳሉ። በዚህ መንገድ ካገኘው ጤፍና ከባሕር ዛፉ ሽያጭ ከተማ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ሠራ፤ አንዱን ክፍል ለእኔ አከራየው፣ በሌላው ልጆቹ እየኖሩ ይማራሉ። እሑድ ማታ ስንቃቸውን አዝለው በእግር ከሚገቡት ተማሪዎቼ ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ፤ ሐሙስ ላይ፣ የስንቁ እንጀራ መሻገት ሲጀምር፣ በትምህርት ሰዓት ማን እንደሚያንቀላፋ ሳላይም አውቃለሁ።

እኔስ? በደመወዜ በሊዝ ቦታ መግዛት የማይታሰብ ነው፤ ሆኖም «የተማረ» መባሉ ዳስ ውስጥ እስካሁን ዋጋ አለው።

ጠላውን በሁለት እጁ አቀበለኝ። ሲሸኘኝ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከየካቲት ጀምሮ ኪራዩን ትንሽ ከፍ ላደርገው ነው» አለኝ። «ምን ያህል?» ብዬ ከመጠየቄ በፊት ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣኝ።