ማቾ፦ አንድ ቃል፣ ሁለት ወንድነት

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1968 የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር መሪው ሴሳር ቻቬዝ በካሊፎርኒያዋ ዴላኖ ከተማ የ25 ቀን ጾሙን ሲያበቃ ከሴናተር ሮበርት ኬኔዲ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ለመናገር አቅም ስላጣ ያዘጋጀውን ቃል ሌሎች አነበቡለት። ጾሙን የጀመረው አድማ በመቱት የወይን እርሻ ሠራተኞች ዘንድ ኃይል የመጠቀም ሐሳብ እየበረታ በመምጣቱ ነው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የበረታው የወንድነት ሥራ ለፍትሕ በሚደረግ ሰላማዊ ትግል ራስን ለሌሎች መስጠት እንደሆነ ከተናገረ በኋላ፣ «ወንድ መሆን ለሌሎች መሰቃየት ነው፤ ወንዶች እንድንሆን እግዚአብሔር ይርዳን» ብሎ ደመደመ። እንግሊዝኛው «ሰው መሆን» ተብሎም ሊተረጎም ይችላል፤ ቀደም ብሎ ወንድነትን በስሙ ስለጠራ ግን እኔ «ወንድ» ማለትን መርጫለሁ።

ይህን ቃል ደጋግሜ የማነበው፣ አሜሪካ ተወልዶ በሜክሲኮ ቤተሰብ ያደገ ሰው ስለተናገረውና እኔም «ማቺስሞ» (ማቾነት) የሚለውን ለዓመታት እንደ ስድብ ብቻ ስረዳው ስለኖርኩ ነው። አሜሪካኖች «ማቾ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ በጉልበቱ የሚመካ፣ ሴትን የሚንቅ፣ ለጠብ የሚቸኩል ወንድ ማለታቸው ነው። ቃሉ የተገኘበት ስፓኒሽ ግን በመነሻው «ተባዕት» ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም፤ ለእንስሳም ለተክልም ይነገራል። ስለ አንድ አባት በአክብሮት ሲወራ የሚሰሙት ግሦች ደግሞ ሌሎች ናቸው፦ አንዱ «ኩምፕሊር» ነው፤ የገቡትን ቃልና የተሸከሙትን ኃላፊነት መፈጸም ማለት ነው። ሌላው «አጓንታር» ነው፤ ችሎ ማለፍ፣ መታገሥ እንደማለት።

የአሜሪካው መለኪያ ሌላ ነው። የኬንታኪው ሴናተር ሄንሪ ክሌይ በ1832 በሴኔት ሲናገር የኬንታኪን የፋብሪካ ባለቤቶች ራሳቸውን በራሳቸው ሰው ያደረጉ ብሎ አወደሳቸው፤ አነጋገሩም በዚያ አልቀረም፣ የአገሪቱ የወንድነት ምኞት መጠሪያ ሆነ። በዚህ ምኞት መሠረት ወንድ የሚባለው ከአባቱ ቤት በጊዜ የወጣና የማንንም ድጋፍ ያልጠበቀ ነው፤ ስለዚህ በ30 ዓመቱ ከእናቱ ጋር የሚኖር ሰው ገና ሙሉ ወንድ እንዳልሆነ ይታያል። በብዙ የላቲን አሜሪካ ቤተሰቦች ግን ልጁ እስኪያገባ ከወላጆቹ ጋር መቆየቱ፣ ካገባም በኋላ እናቱን መጦሩ ወንድነቱን አይቀንስበትም። እንደሚመስለኝ የመጀመሪያው «በማን ላይ አልተደገፍክም?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ሁለተኛው «በአንተ ላይ የተደገፈው ማን ነው?» ተብሎ። የምናገረው ስለ መለኪያው እንጂ ስለ እያንዳንዱ ሰው አይደለም።

ይሁንና በሁለቱ መካከል የተሠመረው ድንበር ብዙዎች እንደሚያስቡት ጥርት ያለ አይደለም። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የሥነ ቃል ተመራማሪ አሜሪኮ ፓሬዴስ በ1960ዎቹ እንዳሳየው፣ የጥንቱ የሜክሲኮ ሕዝብ ዘፈን ጀግንነትን ሲያወድስ «ማቾ» በሚለው ቃል አይጠቀምም ነበር፤ ቃሉ በዘፈኖቹ የገነነው ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ ወዲህ ነው። የሽጉጥና የፉከራ ወንድነት በሰሜኑ ጎረቤት አገርም ቀድሞ የነበረ ነገር መሆኑን አስረድቷል። የአሜሪካ ወንድነት ዋና ምስል የሆነውን ካውቦይን እንውሰድ፦ በፈረስ ብቻውን የሚጓዘው ይህ ሰው ሙያውን የተማረው ቫኬሮ ከሚባሉት የሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች ነው። ላሶ (የከብት መያዣ ገመድ)፣ ሮዴዮ (የከብት ጠባቂዎች ውድድር) እና ራንች (የከብት እርባታ ቦታ) የሚሉት ቃላት ሁሉ ከስፓኒሽ የመጡ ናቸው። ሙያው ተወርሶ፣ አለባበሱ ተወርሶ፣ ያስተማረው ሰው ግን ከታሪኩ መውጣቱ እጅግ ያሳዝነኛል።

አንትሮፖሎጂስቱ ማቲው ጉትማን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሜክሲኮ ሲቲ ሳንቶ ዶሚንጎ በተባለ የሠራተኞች ሰፈር ሲኖር፣ ሕፃን ታቅፈው የሚሄዱ ወንዶች እዚያ ብርቅ አልነበሩም። ከሽማግሌዎቹ ብዙዎቹ ወንድን ማቾና «ማንዲሎን» ብለው ለሁለት ይከፍሉት ነበር፤ ማንዲሎን ሽርጥ የታጠቀ፣ ለሚስቱ የሚታዘዝ እንደማለት ነው። ለእነርሱ ማቾ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ሲሆን፣ ወጣቶቹ ግን ሚስቱን የሚደበድብ ብለው ስለሚረዱት ከሁለቱ አንዱንም አይደለንም ይሉ ነበር።

ስለዚህ መጥፎው ትርጉም ከውጭ የተለጠፈ ብቻ ነው ማለት አልችልም። ቤተሰቡ በእኔ ላይ ተደግፏል የሚል ወንድ፣ ቤተሰቡ ንብረቴ ነው ለማለት የሚቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ያንን እርምጃ የተራመዱት ብዙ ናቸው። በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ለማስወገድ የአሜሪካ አህጉር አገሮች በብራዚሏ ቤሌም ዶ ፓራ በ1994 ስምምነት ያጸደቁት፣ ኮስታ ሪካ በ2007 ሴትን በሴትነቷ መግደልን የሚቀጣ ሕግ ያወጣችው፣ የአርጀንቲና ሴቶችም በ2015 «አንዲት እንኳ አትቀነስብን» ብለው አደባባይ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህ ሴቶች ወንዶቹን «ማቺስታ»፣ ማለትም ሴትን የሚንቅ፣ ብለው የሚከሱትም በራሳቸው ቋንቋ ነው።

ሆኖም ቻቬዝ የተናገረለትን ወንድነት ሳስብ ከሁሉ አስቀድመው የሚታዩኝ ብራሴሮ የተባሉት የሜክሲኮ የውል ሠራተኞች ናቸው። ከ1942 እስከ 1964 በነበረው የሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ወደ 4.6 ሚሊዮን የሚጠጉ የሥራ ውሎች ተፈርመው ሜክሲካውያን ወንዶች ወደ አሜሪካ እርሻዎች ተሻግረዋል። ቤታቸውን ለማኖር ከቤታቸው መራቅ ነበረባቸው። በመቀበያ ጣቢያዎች ልብሳቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል፤ ዲዲቲ የተባለ ፀረ-ተባይ መርዝ ተረጭቶባቸዋል፤ የእርሻ ሰው መሆናቸው እንዲረጋገጥም መርማሪዎች መዳፋቸውን እየገለበጡ የሥራ ጠባሳ ፈልገውበታል። ያንን ሁሉ ችለው አለፉ፤ ያገኙትንም ደመወዝ ለሚስቶቻቸውና ለልጆቻቸው ላኩ።